መረሬ ላይ መሮጥ

ባለፈው ቅዳሜ የ12 ኪሎ ሜትር ዙሬን አንዴም ሳልቆም ጨረስኩት። 1 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ፈጀብኝ። ይህን የሚያነብ እውነተኛ ሯጭ ካለ ይሳቅ፣ ግዴለም። ከሦስት ዓመት በፊት ለማስተማር ወደ ምንጃር ስመጣ፣ ከአረርቲ ወጣ ባለችው መንደራችን፣ ከቤቴ ክፍል ድረስ ስሄድ እንኳ አለከልክ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ልዝለላቸው። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ማታ ጉልበት ማሸት። ሁሉም የሚያልፍበት ነው። ለየት የሚለው ሰላምታው ነው። ገጠር ውስጥ ሰው ሰላም ሳይባል አይታለፍም። ጀሪካን የተሸከሙ እናቶች ስሮጥ ሲያዩኝ ደንግጠው «ምነው፣ ማን ሞቶ ነው?» ይሉኝ ነበር። ቆሜ ማስረዳት ነበረብኝ። አሁን ለምደውኛል፣ እኔም ከዚያው ዘዴ አወጣሁ። «እንዴት አደሩ፣ ደህና ነዎት፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና» ብዬ ሳልቆራርጥ መጨረስ ከቻልኩ ፍጥነቴ ልክ ነው። «እንዴት አ...» ላይ ከቀረሁ በዝቷል ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ መለኪያ ለጀማሪ አላውቅም።

አገሩ ለሩጫ የተሰራ ይመስላል። ለጥ ያለ ሜዳ፣ አልፎ አልፎ ግራር፣ ቀስ ብሎ የሚነሳ ዳገት። ችግሩ አፈሩ ነው። መረሬ። ሌላ አገር ዋልካ ይሉታል። ጥቁር፣ ያበጠ፣ ክፉ አፈር። ጤፉንና ሽምብራውን የሚያበቅለው እሱ ስለሆነ እዚህ ማንም ክፉ አይለውም፣ እኔ ብቻ ነኝ።

ክረምት ላይ አሥር እርምጃ ስትሄድ ጫማህ በእጥፍ ይከብዳል። ሃያ ስትሄድ ሶልህ ስር ሌላ ሶል ይሠራል። በእንጨት ትፍቃለህ፣ አምስት እርምጃ ትሄዳለህ፣ እንደገና ትፍቃለህ። በመጀመሪያው ክረምቴ ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩትን የጥር ወር መስመር ይዤ ነበር የምወጣው። መስመሩ «ወደ ቀኝ» ይላል፤ ቀኙ ታርሷል። የጥር መንገድ ለጥር ብቻ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

አንድ ቀን፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ወሰኑን ይዤ ስንገዳገድ አንድ ማሳ አየሁ። ሣር የለው፣ ጓል የለው፣ ተደልድሎ የስታዲየም መም መስሏል። ዘልዬ ገባሁ። ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ከማዶ ጩኸት ሰማሁ።

«አንተ! ዘር ላይ ነህ እኮ!»

ለካ ጤፍ የሚዘራው እንደዚያ ነው። ማሳው ደጋግሞ ይታረሳል፣ በከብት ይረገጣል፣ ከዚያ ዘሩ ላዩ ላይ ይበተናል። ደቃቅ ስለሆነ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም። ባዶ የመሰለኝ መሬት ገና ትናንት የተዘራ ነበር። ዞር ስል ዱካዬ እንደ ጉድጓድ ተሰልፎ ይታያል፣ አንዳንዱ ውሃ መቋጠር ጀምሯል። ባለማሳው ሽማግሌ ናቸው። «ይቅርታ አባባ፣ አላወቅሁም» አልኩ። ዱካውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«በመጣህበት ውጣ። አዲስ እንዳትረግጥ።»

ሃምሳውን እርምጃ አንድ በአንድ፣ የራሴን ዱካ እየረገጥኩ ተመለስኩ። ከዚያ የከበደ ልምምድ እስካሁን አልሠራሁም። መስከረም ላይ ጤፉ ሜዳውን ሲያለብሰው በመሐሉ ቢጫ ነጠብጣብ መስመር ሠርቶ ታየ። ተማሪዎቼ «የመምህር መንገድ» ብለው ስም አወጡለት።

በዚያው ክረምት ሌላም ሞኝነት ሠራሁ። ገበሬዎቹ ጭቃው ሲብስ ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ይሄዳሉ። እኔስ? ጊዜው ደግሞ ጳጉሜ ነበር። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ይህን ለተማሪዎቼ ሳወራ ራሴን አሞቅሁና በነጋታው ጫማዬን አወለቅሁ። እውነት ለመናገር ጭቃው እግር ላይ እንደ ጫማ አይከምርም፣ ደስ ይላል። ደስታው ሦስት መቶ ሜትር ያህል ቆየ። ሮም መንገድ ላይ የግራር እሾህ አልነበረም። እሾሁን በመርፌ ቁልፍ ያወጡልኝ ቡና የሚያፈሉ እናት «ጫማ እያለህ?» ከማለት በቀር ምንም አልጨመሩም።

መፍትሔው ቀላል ነበር፣ ለማግኘት ሁለት ክረምት ፈጀብኝ እንጂ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ወደ ታች አልወርድም። ዳገቱ ላይ ጭንጫ መሬት አለ፣ ለእርሻ የማይመች፣ ውሃ የማይዝ። ዝናቡ ባቆመ በሰዓቱ ይሮጥበታል። ዙሩ 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ይሰለቻል፣ ስድስት ጊዜ መዞር ነው። ይሰልች። ወደ ሜዳው የምወርደው አጨዳው ሲጀመር ነው። የትኛው ማሳ እንደተዘራ፣ የትኛው እንደተነሳ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ያውቃሉ። ከስልክ ይልቅ እነሱን መጠየቅ ይሻላል። በመስመር የሚመራ ሰዓት ለገዙ ጓደኞቼ ይህን ስል ይቀየሙኛል፣ ግን እውነቴን ነው።

በጋውም ታዲያ ንጹሕ አይደለም። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እግር ይውጣል፣ ስል ማጋነን አይደለም። አምና የካቲት ላይ ቁርጭምጭሚቴ ዞሮብኝ አንድ ወር ተቀመጥኩ። ከብት አዘውትሮ የሚሄድበትን መንገድ ከያዝክ ይሻላል፤ እዚያ ስንጥቁ በአቧራ ተሞልቶ ተረግጧል። ሌላው ምክሬ በጠዋት ሮጡ፣ ግን ጭጋግ ሳለ አትሮጡ የሚል ነው። እኔ ራሴ በጭጋግ እሮጣለሁ፣ አትከተሉኝ።

አሁን ታኅሣሥ ነው። ዙሬ 8ኛው ኪሎ ሜትር ላይ በእኚያ ባለጤፍ ሽማግሌ ማሳ ጥግ ያልፋል። ዘንድሮ ሽምብራ ዘርተውበታል፣ እሸቱ ደርሷል። ባዩኝ ቁጥር «መምህር፣ ና ቅመስ» ይላሉ። እምቢ ማለት ነውር ነው፣ እቆማለሁ። አንድ እፍኝ፣ ሁለት እፍኝ፣ ከዚያ ወሬ። ቅዳሜ ለታ 12ቱን ሳልቆም የጨረስኩት እሳቸው ገበያ ሄደው ስለነበር ነው።