«ሊምፍ ነው» የተባለው ድሬን

ታካሚዋ በማኅፀን በር ካንሰር ምክንያት ራዲካል ሂስቴሬክቶሚ (ማኅፀንን ከዙሪያው ሕብረ ሕዋስ ጋር የማውጣት ኦፕራሲዮን) ተሠርቶላቸው፣ የዳሌ ሊምፍ ኖዶቻቸውም (ሊምፍ የተባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያጣሩት እጢዎች) ወጥተው ስምንተኛ ቀናቸውን ይዘዋል። ከኦፕራሲዮኑ ቦታ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ፣ ድሬኑ፣ ደም ማምጣት ካቆመ ሰንብቷል። ቻርቱ ላይ ለሦስት ቀን «180፣ 190፣ 190 ሚሊ፣ ቢጫ» ተጽፏል፤ በራውንድ (በሐኪሞች ጉብኝት) «ሊምፍ ነው፣ ይቀንሳል» ተብሎ ታለፈ። ግምቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ኖዶች ከወጡ በኋላ በቀን ብዙ መቶ ሚሊ ሊምፍ መፍሰሱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። የድሬኑ የላስቲክ ኳስ የሚይዘው 100 ሚሊ ነው። ጠዋትና ማታ ብቻ እየተደፋ ቻርቱ ከ200 በላይ ሊያሳይ አይችልም። ኳሱ ሞልቶ ሲያብጥ መሳቡን ያቆማል፤ የተረፈው በቱቦው ዳር ይወጣል፣ አለዚያም ዳሌ ውስጥ ይጠራቀማል። ፋሻው በየቀኑ ይርስ ነበር፤ እሱ ግን የተመዘገበው በሌላ ገጽ፣ «ድሬሲንግ ተቀየረ» በሚል ነው።

ነገሩን ያነሳችው አስታማሚ ልጃቸው ናት። «ሲስተር፣ ፋሻው እኮ ሽንት ሽንት ይላል። ኳሱንም ሌሊት ሁለቴ እኔ ደፍቼዋለሁ።» ነርሷ በየ3 ሰዓቱ እየደፋች፣ በኳሱ መስመር ሳይሆን በስሪንጅ ለካችው፤ በ24 ሰዓት 620 ሚሊ ሆነ።

ከዚያ ከኳሱ አዲስ የወረደ 5 ሚሊ ፈሳሽና በዚያው ሰዓት የተቀዳ ደም ለክሪያቲኒን (ኩላሊት በሽንት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ምርመራ ተላኩ። የደሙ 0.9፣ የድሬኑ 16 ሚሊግራም በዴሲሊትር መጣ። ሊምፍ ቢሆን ሁለቱ ተቀራራቢ በሆኑ ነበር፤ የድሬኑ ይህን ያህል የበለጠው ፈሳሹ ሽንት ስለሆነ ነው። የምርመራው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ መታዘዝ የነበረበት ፈሳሹ በአምስተኛው ቀን አልቀንስ ሲል ነው።

ፊኛ ውስጥ የገባው የሽንት ቱቦ፣ ካቴተሩ፣ ጥሩ ሽንት እያወረደ መሆኑም ሰው አዘናግቷል። የአንድ ወገን ዩሬተር (ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርደው ቱቦ) ቢያፈስም የሌላው ኩላሊት ሽንት ወደ ፊኛ መግባቱን አያቆምም። በካቴተሩ ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም ሲገባ ድሬኑ ሰማያዊ አልሆነም፤ ፊኛው ደህና ነው ማለት ነው። በሲቲ የታየው ቀዳዳ የግራ ዩሬተር ታችኛው ጫፍ ላይ ነበር። ኦፕራሲዮን ላይ ዩሬተሩ አልተቆረጠም፤ ከዙሪያው ሲላቀቅ ቀጫጭን የደም ሥሮቹ ተጎድተው ግድግዳው ቀስ በቀስ ሞተ። ስለዚህ ነው ፍሳሹ ዘግይቶ የመጣው።

ዩሬተሩ ውስጥ ስቴንት (ሽንቱን ቀዳዳውን አሳልፎ ወደ ፊኛ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ) ገባላቸው። ድሬኑ አልተነቀለም፤ ኳሱ ግን ወጥቶ በሽንት ከረጢት ተተካ፣ ምክንያቱም የኳሱ ስበት ሽንቱን ወደ ቀዳዳው እየጎተተ እንዳይደፈን ያደርጋል። ካቴተሩም ፊኛው ሞልቶ ሽንት በስቴንቱ ወደ ላይ እንዳይመለስ በቦታው ቆየ።