እኔ መድፍ ነበርኩ

የሰፈራችን ልጆች ጥቅምት 23ን ሲያከብሩ አንዱ ንጉሥ ይሆናል፣ አንዷ እቴጌ፣ አንዱ ጳጳስ፣ የተረፈው ሁሉ ክብር ዘበኛ። እኔ መድፍ ነበርኩ።

ቀልድ አይደለም፣ ለዓመታት የያዝኩት ሹመት ነው። መሣሪያዬ ባዶ የላምባ ቆርቆሮና የእናቴ ዘነዘና ነበር። ንጉሡ ዘውድ ሲደፋ ሃያ አንድ ጊዜ መምታት አለብኝ። አንድም ዓመት ቁጥሩን በትክክል ጨርሼው አላውቅም። አሥራ አምስት አካባቢ እጄ ይዝላል። ከዚያ አንዷ ጎረቤት "ኧረ በእመቤቴ ጆሯችንን ተይን!" ብላ ትጮኻለች። ስንት ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። እንደመሰለኝ አቆማለሁ።

የምንኖረው ሠራተኛ ሰፈር ነው፣ ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ። የማወራው ከ1957 እስከ 1966 ስላለው ጊዜ ነው። ለዛሬ ልጅ ጥቅምት 23 ከጥቅምት 22 ቀጥሎ የሚመጣ ቀን ነው፣ በቃ። ያኔ ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ነው። ትምህርት የለም፣ ሰንደቅ ዓላማ አለ፣ ዳቦ አለ። ልደታቸውም በየዓመቱ ሐምሌ 16 ይከበር ነበር፣ ግን ሐምሌ ምን ያደርጋል? ጭቃ ነው። የወረቀት ባንዲራችን ገና ከቤት ሳንወጣ ይሟሽሻል። ጥቅምት ሲሆን ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፣ ጠዋት ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ጀርባን ታሞቃለች። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባልበት ወር ስለሆነ ትልልቆቹም ቅርጫ ለመግባት ሰበብ አያጡም። ንጉሡ የነገሡበትን ወር የመረጠላቸው ሰው ልጆችን ይወድ ነበር እላለሁ።

ጨዋታውን ያስተማሩን ልብስ ሰፊው ናቸው። ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ ከዚያ በላይ ስም አላስፈለጋቸውም። ሲንጀራቸውን በረንዳ ላይ ዘርግተው ሲሰፉ እኛ ከሥራቸው ቁርጥራጭ ጨርቅ እንለቅማለን። በ1923 የዘውዱ ለት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቀኑ እሑድ ነው። በዋዜማው ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የምኒልክ ሐውልት ሲገለጥ አይተዋል። የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ፣ የጣሊያን ልዑል፣ የፈረንሳይ ማርሻል፣ ሁሉም መጥተው ነበር ይላሉ። እዚህ ላይ መቀሱን ያስቀምጡና "ጣሊያኖቹ ድግሳችንን በልተው ሄዱ፣ በአምስት ዓመታቸው በታንክ ተመለሱ" ብለው ይስቃሉ። ሳቃቸው ግን ብዙም አይቆይም።

"ዘውዱን ሲደፉስ አዩ ጋሼ?"

"የት አባቴ! ያየሁት የሰው ጀርባ ነው። መድፉን ግን ሰምቻለሁ። መቶ አንድ ጊዜ።"

በዚህ መሠረት እኔም መቶ አንድ ልመታ ተነሳሁ። እናቴ ዘነዘናውን ቀማችኝ። ሽማግሌ ገብቶ ሃያ አንድ ላይ ተስማማን።

እውነቱን ለመናገር የፈለግኩት ጳጳስ መሆን ነበር። ዘውዱን በእጁ የሚይዘው፣ ንጉሡን ቅብዐ ቅዱስ የሚቀባው እሱ ነው። ቅብዐ ቅዱሳችን የኑግ ዘይት ነበር። "ሴት ልጅ ጳጳስ? ጉድ በል!" አሉ አያቴ፣ ነገሩ እዚያው ሞተ። እቴጌነቱ ደግሞ ለቆንጆዋ ለባለ ዳቦ ቤቱ ልጅ ሄደ። እቴጌ መነንም በዚያው ቀን ዘውድ ደፍተዋልና ጋሼ ሁለት ዘውድ ካልተሠራ ብለው ድርቅ ይሉ ነበር። እኔ እንግዲህ መድፍ ሆንኩ። ዛሬ ሳስበው ከሁሉም የተሻለው ቦታ ነው። የንጉሡን ፊት ያላየ እንኳ የእኔን ድምፅ ይሰማል።

ዘውዱን እንዴት እንደምንሠራው ላውራ፣ እጄ አሁንም ያስታውሰዋል። አካሉ የጫማ ካርቶን ነው። ላዩ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣው ብልጭልጭ ወረቀት ነው። ለዚህ ከመስከረም ጀምሮ የሚያጨስ ሰው እንከተላለን። የሹፌሩ ጎረቤታችን በቀን አንድ ፓኮ ይጨርሳሉ፣ እናቴ ሲጋራ ብትጠላም በመስከረም ብቻ አትቆጣቸውም ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ የተጨማደደ ነው። በጥፍር ጀርባ ቀስ አድርገን ጉልበታችን ላይ እናስተካክለዋለን። ቸኩለሽ ከጎተትሽው ይቀደዳል፣ ያን ጊዜ ወዮልሽ። ከኋላው የተጣበቀውን ስስ ነጭ ወረቀት በምራቅ እናርሰውና እንልጠዋለን። የሚቀረው እንደ ዓሣ ቆዳ ይንቦገቦጋል። ሙጫችን ዱቄት በውኃ ነው። ዕንቁዎቹ የከረሜላ ልጣጭ ናቸው፣ ቀዩ መሐል ግንባር ላይ፣ አረንጓዴው ግራና ቀኝ። ጫፉ ላይ ከሁለት ክብሪት እንጨት የተሠራ መስቀል ይቆማል፣ ሥርዓቱ ሳያልቅም ይወድቃል።

ስለ ዘውድ ካነሳን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር። ስሙኒ ላይ ያሉት ጃንሆይ ዘውድ የላቸውም። ባዶ ራሳቸውን ወደ ጎን ይመለከታሉ። ንጉሥ አይደሉም እንዴ? ጋሼን ጠየቅኳቸው። ስሙኒዋን ከእጄ ወስደው አገላብጠው አዩዋት። "ቤታቸው ሲሆኑ ያወልቁታል፣ አንቺ ነጠላሽን ለብሰሽ ነው የምትተኚው?" አሉኝ። ለብዙ ዓመታት የማምነው መልስ ይህ ነበር። ስሙኒዋንም አልመለሱልኝም።

የትልልቆቹ ድግስ የሚጀምረው በጭቅጭቅ ነው። ከየቤቱ ስሙኒ ይዋጣል፣ ያጣ ማገዶ ያመጣል፣ እዚህ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ድንኳን ነው። የእድሩ ዳኛ ድንኳኑን አላወጣም ይላሉ። "ይሄ የለቅሶ ዕቃ ነው፣ በንጉሥ በዓል ላይ ሟርት አላመጣም።" ሴቶቹ ደግሞ "ለልጅዎ ሠርግ ሲያወጡትስ ሟርቱ የት ሄዶ ነበር?" ይሏቸዋል። በየዓመቱ ይኸው ነው፣ ቃላቱ እንኳ አይለወጡም። መጨረሻ ላይ ሹፌሩ የጭነት መኪናቸውን ሸራ ያመጣሉ። ሸራው ሥር ስትቀመጪ ናፍታና ጤፍ ይሸታል። መሬቱ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ የመንደሩ መግቢያ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጥድ ታስሮ ቅስት ይቆማል። ዓረብ ቤት ያሉት ባለ ሱቅ የጃንሆይን ፎቶ ከግድግዳ አውርደው መስታወቱን በሽርጣቸው ይወለውሉና በራቸው ላይ ያቆሙታል። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ከረሜላ። ከዘውዱ የተረፈን ልጣጭ እንዳለ እያወቁ ሁለተኛ ዙር ስንሰለፍ ዝም ይላሉ።

እናቴ ድፎ ዳቦ ትደፋለች። ሌሊት ተነስታ በኮባ ጠቅልላ። ኮባው ሲነሳ የሚወጣውን እንፋሎት ለማየት ስድስት ሰባት ልጅ ምድጃውን ይከብባል።

ከዳቦው በኋላ ጃንሆይ ሲያልፉ ለማየት ሩጫ ነው። ዋናው መንገድ ዳር ፖሊስ በዱላ ወደ ኋላ ይገፋናል። አንድ ዓመት ከፊቴ አንዲት ሴት ወረቀት በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ቆማ ነበር፣ አቤቱታ ነው። መኪናው ሲቃረብ ሕዝቡ ሲገፋፋ እኔ በብብቷ ሥር ሾለክሁ። የታየኝ መስታወቱ ጋ ቀስ ብላ የምትወዛወዝ አንዲት ትንሽ እጅ ናት። ሌላ ምንም። ሴትዮዋ ወረቀቱን አስረከበች አላስረከበች አላየሁም። ሮጬ ሄጄ ለጋሼ እጃቸውን አየሁ አልኳቸው። "ከእኔ ትሻያለሽ" አሉኝ።

ማታ ማታ መብራት ለማየት በቸርችል ጎዳና ወደ ታች እንወርዳለን። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፣ እግሬን ስለሚያመኝ ግማሹን ያሳለፍኩት አባቴ ትከሻ ላይ ተኝቼ ነው። በቀይና በቢጫ አምፖል የተጻፈ ነገር ነበር። ማንበብ ስጀምር ደግሞ ትከሻ ላይ የምወጣበት ዕድሜ አልፎ ነበር።

እናቴ የእኛን በዓል ትንቅ ነበር። ለሷ በዓል ማለት የ1948ቱ ነው፣ 25ኛው ዓመት፣ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተሠራለት፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የወጣበት። "እናንተ ያያችሁት ፍርፋሪውን ነው" ትላለች። ፍርፋሪው ይመቸን ነበር።

1966 ጥቅምት 23 አርብ ዋለ። ጾም ነው፣ ቅርጫ የለም። ሽሮና የሱፍ ፍትፍት ብቻ። እኔ ጡት አውጥቼ፣ ቆርቆሮ መምታት የሚያሳፍረኝ ሆኜ፣ መድፍነቱን ለታናሽ ወንድሜ አስረከብኩ። ስምንት ዓመቱ ነበር። ከደስታው ብዛት ሃያ አንዱን አልፎ ሄዶ በጆሮው ጎትተው ነው ያስቆሙት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሸራው ጋ አንዲት ሴት መጣች፣ ልጅ አዝላለች። ከወሎ ነኝ አለች። የልጁ አንገት ቀጭን ነበር፣ ራሱ ወደ ጎን ወድቋል። እናቴ ከድፎው ቆርሳ ሰጠቻት፣ ውኃም። ሴትዮዋ ዳቦውን አላምጣ ከአፏ እያወጣች ለልጁ ታጎርሰዋለች። ስትጨርስ "የማን ድግስ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"የጃንሆይ ዘውድ ነው እህቴ።"

"ዕድሜ ይስጣቸው" አለች።

በወሎ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ እንደነበረ ያወቅነው በኋላ ነው። ያን ለት ግን ድግሱ እንደገና ደራ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ያንን ልደብቀው አልችልም።

በዓመቱ መስከረም 2 ንጉሡን በቮልስዋገን ወሰዷቸው። ዓረብ ቤት ፎቶው የነበረበት ቦታ ላይ ባለ አበባ ካላንደር ተሰቀለ። ከካላንደሩ ጠርዝ ወጣ ብሎ ግድግዳው በአራት ማዕዘን ነጣ ብሎ ይታይ ነበር። ስለዚያ ማንም አያወራም። ጥቅምት ገባ፣ የሹፌሩን የሲጋራ ወረቀት የሚለቅም ልጅ አልነበረም።

23 ቅዳሜ ነበር። ገና ሳይነጋ፣ ሁላችንም ተኝተን ሳለን ቆርቆሮው ጮኸ። ወንድሜ ነው። እንዳይመታ ማንም አልነገረው፣ ሁላችንም የሚያውቅ መስሎን። ምናልባትም ያውቃል፣ ግን ተራውን አልጠገበውም። እናቴ ባዶ እግሯን ወጣች። ዘነዘናውን ከእጁ ስትነጥቀው አየኋት፣ ከዚያም አቀፈችው፣ ከዚያም እዚያው ቅዝቃዜው ላይ አፉን በእጇ ይዛ ቆመች። ከየቤቱ በር ሲከፈት ይሰማል። በዚያ ቀን ጆሯችንን ተይን ብሎ የጮኸ ጎረቤት የለም።

የጋሼ መስኮት ተከፍቶ ነበር። ጭንቅላታቸው ብቻ ይታያል፣ ነጭ ጋቢ አጣፍተዋል።

"ዘጠኝ" አሉ በቀስታ። መስኮቱንም መልሰው ዘጉት።