ፊልሙን ያስተካከልኩ ቀን

ድሬ ላይ ላብ ቴክኒሺያን ነኝ፣ የት እንደሆነ ይለፈኝ። አምና ግንቦት፣ ያ ቬንትሌተሩ ራሱ እሳት የሚተፋበት ሰሞን፣ ዶክተሯ ውጭ ስትማር ይዛው የመጣችውን ፕላስቲክ ፊልም ከሻንጣዋ አውጥታ "በዚህ ሌዘር እንሠራለን" አለችኝ። እኔ ሌዘር ሲባል የማውቀው ሁለት ሰው የሚሸከመው ሳጥን ነው፣ ይሄ ደግሞ የሠርግ ስጦታ መጠቅለያ ነው የሚመስለው።

ተራ ፕላስቲክ ግን አይደለም። ፖሊስታይሪንና አክሪሊክ የሚባሉ ሁለት ፕላስቲኮች እየተፈራረቁ 128 ንብርብር ነው፣ አንዱ ንብርብር ከ90 እስከ 97 ናኖሜትር (አንዱ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ቢሆን ነው፣ ሁሉም ተደራርቦ 12 ማይክሮን፣ ከፀጉር ይሳሳል አቦ! አሠራሩን የነገረችኝ ከዚራ ፈጢራ እየበላን ስለሆነ አልረሳውም፦ ሁለቱን ፕላስቲክ አቅልጠው አንድ ላይ ይገፏቸዋል፣ ከዚያ ለሁለት ሰንጥቀው፣ ዘርግተው፣ አንዱን ግማሽ ባንዱ ላይ ይደርባሉ፣ 2 የነበረው 4 ይሆናል፣ 8፣ 16 እያለ 128 ይገባል። እያንዳንዱ ንብርብር ትንሽ ትንሽ ብርሃን ይመልሳል፣ ተደምሮ ላንድ ቀለም ብቻ መስታወት ይሆናል። የኛው የሞገድ ርዝመቱ 575 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ወርቅማ ቢጫ ነበር የሚመልሰው።

ሁለቱን መስታወት ፊልም እንደ ዳቦ አድርገህ መሃሉ ሮዳሚን የሚባል ቀለም የገባበት አክሪሊክ ታደርጋለህ። 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር ስትተኩስበት አረንጓዴው በመስታወቱ አልፎ ይገባል፣ ቀለሙ ቢጫ ብርሃን ያወጣል፣ ቢጫው በሁለቱ መስታወት መሃል እየተመላለሰ ይጎለብታል። ሮዳሚንን አክሪሊክ ውስጥ ከቶ ሌዘር ማውጣት እንኳን አዲስ ነገር አይደለም፣ ሶፈርና ማክፋርላንድ የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጅ 1967 ሠርተውታል።

እንግዲህ የኔ ጉድ። ፊልሙ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ስለከረመ ተጨማዶ ነበር። ዶክተሯ ስብሰባ ስትሄድ እኔ ሙያ ላሳይ ብዬ ፍሬም ላይ ወጠርኩትና ባለቤቴ ፀጉሯን የምታደርቅበትን ማሽን አምጥቼ በቅርብ እያሞቅኩ ከየጎኑ ሳብ ሳብ አደረግኩት፣ እንደ ከበሮ ተወጠረ፣ ሽብሽብ የለ ምን የለ፣ ኮራሁ። ያን ሁሉ ስሠራ የሌዘር መከላከያውን ብርቱካናማ መነጽር አላወለቅኩም፣ ምክንያቱም ሌላው ቴክኒሺያን እየረሳ ሲቆጡት ስላየሁ። በሱ ስታይ ደግሞ ዓለም ሁሉ ብርቱካን ነው።

ከዚያ ሦስት ቀን ተኮስን፣ ምንም። ብርሃኑን በየቀለሙ በሚለየው መሣሪያ፣ ስፔክትሮሜትሩ ላይ፣ የሌዘር ምልክት የሆነውን ቀጭን መስመር ስንጠብቅ የደከመች ሰፊ ጉብታ ብቻ። ቀለሙ አንሶ ነው ብዬ ጨመርኩ፣ ባሰ፣ ለካ ሮዳሚን ሲበዛ እርስ በርሱ ብርሃኑን ይገድለዋል። ፊልሙን ማሞቄንማ አልተናገርኩም፣ ጥፋት መሆኑ መቼ ታየኝና።

በአራተኛው ቀን ጽዳት የምትሠራው እቴቴ (ሁላችንም እንደዛ ነው የምንጠራት) መጥረጊያዋን ደገፍ ብላ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ሰኞ ወርቅ አልነበረ እንዴ? ምነው አረንጓዴ ሆነ?" አለችኝ። እኔ ምሁሩ "እቴቴ፣ እሱ እኮ ዘንበል አድርገሽ ስታዪው ቀለሙ ይቀየራል" አልኳት። እውነትም ይቀየራል። እሷ ግን "ፊት ለፊት ቆሜ ነው ያየሁት" ብላ መጥረጓን ቀጠለች።

መነጽሬን አወለቅኩ። ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብዬ፣ አረንጓዴ ነው።

ፊልሙ ሲለጠጥ እያንዳንዱ ንብርብር ይሳሳል፣ ሲሳሳ የሚመልሰው ቀለም ወደ አረንጓዴ ይወርዳል፣ በመቶ 7 መሳሳት ብቻ ከ575 ወደ 535 ያወርደዋል። ማለት የምንተኩሰውን አረንጓዴ ራሱ በር ላይ ይመልሰዋል፣ ሾልካ የገባችዋ ትንሽ አረንጓዴ ደግሞ ከቀለሙ የምታስወጣት ቢጫ መስታወት አጥታ ውልቅ ብላ ትወጣለች። ያን ሁሉ ቀን ሌዘር የምንተኩሰው ግድግዳ ላይ ነበር በለው።

ለዶክተሯ ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች፣ ከዚያ "በምንድነው ያሞቅከው?" ስትል ማሽኑን አሳየኋት፣ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከጥቅሉ መዳፍ የምታህል ሳይነካ የተረፈች ነበረች፣ ከነጭማደዷ ለጥ ያለውን ቦታ መርጠን ገጠምናት። ያቺ ቀጭን መስመር ወጣች፣ ሮዳሚኑ እየነጣ እስኪሞት ድረስ ትንሽ ቆየች፣ እቴቴንም ጠርተን አሳየናት፣ "ይቺ ናት?" አለች።

ማሽኑ እስከዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ባለቤቴ የጠፋ መስሏት ሌላ ገዝታለች።