የአርባ ምንጭ ሾላና ተርቦቹ

አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው አዞ ሊያይ፣ አሳ ሊበላ ወይም ዶርዜ ወጥቶ ቆጮ ሊቀምስ ነው። እኔ የሄድኩት ተርብ ፍለጋ ነው። ይህን ለአውቶቡስ ጎረቤቴ ብነግረው ከቡታጅራ ጀምሮ ዝም አለኝ። ወላይታ ሶዶ ምሳ ላይ ነው "ተርብ አዲስ አበባ የለም እንዴ?" ያለኝ።

አለ። ጣራ ሥር ቤቱን ሠርቶ ልጆች የሚነድፈው ሞልቷል። እኔ የፈለግኩት ግን የማይነድፈውን ነው፤ ሾላ ፍሬ ውስጥ የሚወለደውን፣ ቁመቱ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን።

ከከተማዋ የታችኛው ክፍል ከሲቀላ ወረድ ብሎ የነጭ ሳር ፓርክ ደን ይጀምራል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች የሚፈልቁት እዚያ ነው። ደኑን የያዘው በዋናነት ሾላ ነው፤ ቅርፊቱ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ሽቅብ ሲያዩት አንገት የሚያሳምም። ፍሬው ደግሞ እንደ ሌላው ዛፍ ጫፍ ላይ ብቻ አይንጠለጠልም፤ ከግንዱና ከወፋፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ በዘለላ ይፈላል። መሬቱ በወደቀ ፍሬ ተሸፍኗል፣ የእርሾ ሽታ አለው። ይዞኝ የሄደው ስካውት ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ "ዝንጀሮው፣ ጉሬዛው፣ ወፉ፣ ማታ ደግሞ የሌሊት ወፉ፣ ሁሉም ቀለቡ ከዚህ ነው" አለኝ።

ፓርክ ውስጥ ፍሬ መቁረጥ ስላልፈለግኩ በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ዳር አንዲት እናት ግቢ ሄድኩ። አጥሩ ጥግ ትልቅ ሾላ አላቸው። "እማማ፣ ጥቂት ፍሬ ልውሰድ?" ስላቸው "ጦጣ ከሚጨርሰው አንተ ብትወስደው ምናለ ልጄ" አሉኝ።

ሊበስል የተቃረበውን መርጬ በምላጭ ለሁለት ከፈልኩት። ነጭ ወተቱ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ሾላ ፍሬ የምንለው ነገር በእርግጥ ወደ ውስጥ የታጠፈ የአበባ ስብስብ ነው፤ ግድግዳውን ዙሪያውን የሞሉት ጥቃቅን አበቦች ናቸው። በአጉሊ መነጽር ሳየው ግማሾቹ አበቦች አብጠዋል። በመካከላቸው ክንፍ የሌላቸው፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ ሆዳቸው ተጎትቶ የረዘመ ፍጥረቶች ይርመሰመሳሉ። ወንዶቹ ናቸው። ቀድመው ይፈለፈላሉ፣ ሴቶቹን ገና ካበጠው አበባ ሳይወጡ ያገኟቸዋል፣ ከዚያ ግድግዳውን በጥርሳቸው ቦርቡረው ለሴቶቹ መውጫ ይከፍታሉ። እነሱ ራሳቸው መብረር አይችሉም። ከቀዳዳው የወደቁትን ግንዱ ላይ የተሰለፉት ጉንዳኖች ሲለቅሟቸው አየሁ። የወንድነት ዕጣ ይህ ነው።

ጥቁሯ ሴት ስትወጣ ባዶ እጇን አይደለም። ደረቷ ሥር ሁለት ኪሶች አሏት፣ ከወንዴዎቹ አበቦች ብናኝ ሞልታባቸው ትበራለች። ሌላ ሾላ ስታገኝ በፍሬው አፍ ተጣብቃ ስትገባ ክንፏ ይገነጠላል። ውስጥ ሆና በፊት እግሮቿ ብናኙን ከኪሷ እየቆነጠረች የሴቴዎቹን አበቦች ትቀባለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ይህን የኪስ ነገር በሾላ ተርብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 ያስነበቡት፣ ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ መጥተው ያጠኑት እስራኤላውያኑ ያዕቆብ ጋሊልና ዳን አይዚኮዊች ናቸው። በጋሊል ስም የተሰየመች ሌላ ተርብ አለች፤ እሷም በዚሁ ሾላ ትራባለች፣ ኪስም አላት፣ ግን ብናኝ አትሞላበትም። ያለ ኪራይ የምትኖር ተከራይ በሏት።

በብሪታንያ ዋይት ደሴት የተገኘ፣ የሾላ ወገን ዛፎች ተርብ የሆነ የ34 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል የዛሬዎቹን ይመስላል፣ ኪሱ ጭምር። የሾላ ወገን ዛፎችና ተርቦቻቸው የተጋቡት ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ፣ ከ75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገመታል።

ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት ሾላ ይህ ዝርያ ነው። ግን በእስራኤልና በግብፅ ብናኝ አመላላሿ ተርብ የለችም፤ ዛፉ ዘር አይሰጥም። ፈርዖኖች የሬሳ ሣጥን የሚያሠሩበት ሾላ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ቅርንጫፉ እየተቆረጠ በሰው እጅ ሲተከል የኖረ ነው። እዚያ ፍሬው ውስጥ የሚገባ ሌላ፣ ብናኝ የማይሸከም ተርብ ስላለ፣ ገበሬዎቹ ተርቡ ሳይፈለፈል ፍሬው ቶሎ እንዲበስል ለጋውን በቢላ ይሰነጥቁት ነበር። ስንጥቁ የሚታይባቸው የደረቁ ፍሬዎች ከጥንት መቃብሮች ተገኝተዋል። እኛ ጋ ማንም አይሰነጥቅም፤ ባለሙያዋ አለችና።

ይዞኝ የመጣው ባለባጃጅ ይህን ሁሉ ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ጊዜው ሁዳዴ ነው። "ጋሼ፣ ታዲያ ሾላ ጾም ነው ፍስክ?" ፍሬው ሲበስል ሴቶቹ በረው ሄደዋል፣ ግን የእናትየዋ ሬሳና የቀሩት ወንዶች ውስጥ አሉ አልኩት። አሰበበትና "ለፋሲካ ይቆየኝ" ብሎ ፍሬውን ኪሱ ከተተ።

እማማ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ልጃቸው ሥሩ አጥሩን ሰነጠቀ እያለ ዛፉን ሊያስቆርጠው ይፈልጋል። እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው፦ ተርቧ ከወጣች በኋላ ዕድሜዋ ከሁለት ቀን አያልፍም፤ የአንድ ዛፍ ፍሬዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ስለሚደርሱ፣ በዚያች ጊዜ ለጋ ፍሬ የያዘ ሌላ ሾላ ማግኘት አለባት። በናሚብ በረሃ የተጠና አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት ነፋስ ይዟቸው ብናኝ እስከ 160 ኪሎ ሜትር አድርሰዋል። ከዚህ ኮንሶ ከዚያ ይቀርባል። ስለዚህ የእርስዎ ዛፍ፣ የደኑ ሾላ ለጋ ፍሬ በሌለው ሰሞን፣ የእነሱ ማረፊያ ሊሆን ይችላል አልኳቸው።

"ይነድፋሉ?" አሉኝ።

"አይነድፉም እማማ።"

"እንግዲያስ አጥሩን ያሠራው፣ ደመወዝተኛ አይደል" አሉና ለባለባጃጁ ሙዝ ሊያመጡለት ወደ ጓዳ ገቡ።