ሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና

እንግሊዝ አገር በገባሁ በአራተኛው ቀን ሆዴ ደረቀ። ሃያ ሁለት ዓመት መድኃኒት ቤት የሠራ ሰው ለሌላው ሲመክር የኖረውን ለራሱ ሲረሳው ያሳፍራል። ጠዋት ዳቦ፣ ቀን ዳቦ በአይብ፣ ማታ የተረፈው ዳቦ፤ በየመሐሉ ቡና። እንጀራ ያጣ ሆድ አመፀ። የሚያስቀው ደግሞ ይህ የሆነብኝ የሚያስቀምጥ ክኒን በመሥራት ወደ በለጸገች ከተማ የባቡር ትኬት በቆረጥኩ ማግስት መሆኑ ነው።

ለንደን የምትኖረው የእህቴ ልጅ ዕቅዴን ስትሰማ ሳቀች። «አጎቴ፣ ሰው ቤተ መንግሥት ሊያይ ይመጣል እንጂ የክኒን ፋብሪካ ሊያይ ይመጣል?» አለችኝ። እኔ ግን የመጣሁት ለዚያው ነበር። ከመድኃኒት ቤቴ ፊት ለፊት በድምፅ ማጉያ «ለኪንታሮት፣ ለጨጓራ፣ ለስኳር፣ ለወገብ፣ ለመካንነት!» እያለ አንድ ዓይነት ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው አለ። ደንበኞቼ ከእኔ ዘንድ ዋጋ ጠይቀው ከእርሱ ዘንድ ይገዛሉ። የተጣላንበትን ቀን ቁጥር አላውቀውም። እንግዲህ የዚህን ሰው ቅድመ አያቶች ነበር ልጎበኝ የሄድኩት፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ጋዜጣውንና ግድግዳውን በማስታወቂያ ያጥለቀለቁትን። ዓመቶቹን የምጽፈው በእነርሱ አቆጣጠር ነው።

የለንደኑ ቀን ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ኦክስፎርድ ጎዳና ቁጥር 52፣ የራትቦን ፕሌስ ማዕዘን ላይ፣ ሃርነስ የሚባል ሰው የኤሌክትሪክ ቀበቶ ይሸጥ ነበር። ቀበቶው ለወገብም፣ ለኩላሊትም፣ ለነርቭም ይሆናል ባይ ነው። በ1893 ፓል ማል ጋዜት የተባለው ጋዜጣ ጉዱን አወጣበት። አሁን እዚያ ሱቅና ግፊያ ብቻ ነው። መንገድ መሐል ቆሜ ቀና ብዬ ሕንፃ ሳይ አንዲት ሴት በቦርሳዋ ጎኔን መትታኝ ይቅርታ የጠየቅኳት እኔ ሆንኩ።

ከዚያ ወደ ፒካዲሊ ወረድኩ። በዚህ አካባቢ ዶክተር ነኝ ባዩ ዮሴፍ ካን በ1851 ለንደን ውስጥ የከፈተው የሰም አካላት ሙዚየም ነበር። ወጣቱ ገንዘብ ከፍሎ ይገባል፣ በአባላዘር በሽታ የበሰበሰ የሰም አካል ያያል፣ ይደነግጣል፤ በድንጋጤው ላይ «ልዩ ሐኪም» አለልህ የሚል ትንሽ መጽሐፍ ይሸጥለታል። ምክሩ በደብዳቤ፣ መድኃኒቱ በፖስታ፣ ምስጢሩ የተጠበቀ። ስሙን መጻፍ የሚያፍር በሽተኛ ገንዘቡን መልሱልኝ ብሎ አይከስም፤ ንግዱ የቆመው በዚህ ላይ ነበር። በ1873 ፍርድ ቤት ሞዴሎቹ እንዲሰባበሩ አዘዘ፤ የታዘዘው ግን ብልግና ነው ተብሎ እንጂ ሕዝብ አታለለ ተብሎ አይደለም። ይህ አናደደኝ። ንዴቴን የማበርደው በቡና ነው ብዬ ገብቼ አራት ፓውንድ ከሃምሳ ከፈልኩ።

ሴንት ሄለንስ ከሊቨርፑል በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ናት፤ የመስታወትና የድንጋይ ከሰል ከተማ። ከጣቢያው ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ታጥፎ አሥራ አራት ፓውንድ ተቀበለኝ። በማግስቱ ያንኑ መንገድ በእግሬ ብሄደው አሥር ደቂቃ አልሞላም። የእኛ አገር የታክሲ ሾፌር ሊያስከፍልህ ሲያስብ ቢያንስ ስለ ነዳጅ ዋጋ ያማርርልሃል፤ ይህኛው ቃል እንኳ አልተነፈሰም።

ያደርኩበት ቤት ከመጠጥ ቤት በላይ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ሌሊት ድረስ ሰዎች እየተቀባበሉ ዘፈኑ፤ እነርሱ ሲጨርሱ የማሞቂያው ቧንቧ ጀመረ። ቧንቧውም ሆዴም ሲንጓጓ ነጋ።

ጠዋት በዝናብ ወጥቼ የቢቻምን የክኒን ፋብሪካ ሕንፃ አየሁት፤ ቀይ ጡብ፣ በላዩ የሰዓት ማማ፣ በ1880ዎቹ የተሠራ። ባለቤቱ ቶማስ ቢቻም በልጅነቱ በግ ጠባቂ ነበር። በኋላ ገበያ ለገበያ እየዞረ ክኒን ሸጠ። በ1859 «ሣጥኑ አንድ ጊኒ ያወጣል» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። አንድ ጊኒ ሃያ አንድ ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ ደግሞ አሥራ ሁለት ፔኒ ነው። ሣጥኑን ግን የሚሸጠው በአንድ ሽልንግ ከአንድ ፔኒ ተኩል ነበር፤ እንግዲህ የገዛ ሁሉ ሃያ ሽልንግ ያተረፈ ይመስለዋል። ፔኒ ተኩሏ የመንግሥት የቴምብር ቀረጥ ናት። ቴምብሩ በሣጥኑ ላይ ስለሚለጠፍ ብዙ ሰው መንግሥት መርምሮ ያጸደቀው መድኃኒት አድርጎ ይወስደው ነበር። እኔም ዘንድ ማኅተም ያለበትን ካርቶን ብቻ አገላብጠው አይተው፣ የጊዜ ማብቂያውን ሳያዩ የሚገዙ ሞልተዋል።

በ1909 የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር ክኒኑን አስመርምሮ ውጤቱን በመጽሐፍ አወጣው፦ ሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና። በአንድ ሣጥን ያለው የሃምሳ ስድስት ክኒን ጥሬ ዕቃ ግማሽ ፋርዲንግ ያህል ብቻ ያወጣል። ፋርዲንግ የፔኒ ሩብ ናት። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ በስልኬ አሰላሁት፤ ሣጥኑ የሚሸጠው በዕቃው ዋጋ መቶ ስምንት እጥፍ ነበር። እኔ ከመቶ ሃያ አምስት ካተረፍኩ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰው ነኝ። የባሰው ደግሞ ያን መጽሐፍ እናስተዋውቅ ሲሉ ብዙ ጋዜጦች አንቀበልም ማለታቸው ነው። የሚበሉት ከክኒን ማስታወቂያ ነዋ!

ስልኬን ከዝናብ ስሸሽግ አንዲት አሮጊት ጃንጥላቸውን በራሴ ላይ ዘረጉ። ምን እንደማሰላ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሳቁና አክስታቸው እዚያ ሕንፃ ውስጥ ክኒን ታሽግ እንደነበር አወሩኝ። እጇ ከመምረሩ የተነሳ እርሷ የቆረሰችውን ዳቦ ማንም አይበላም ነበር አሉ። እኔም በእኛ አገር እናቶች ልጅ ጡት ሲያስጥሉ ጡታቸውን ሬት እንደሚቀቡ ነገርኳቸው። «ታዲያ ልጁ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። «ይጮሃል፣ ከዚያ ይለምዳል» አልኩ። አውቶቡሳቸው መጥቶ ሳይሳፈሩበት አለፈ። ሌላው እስኪመጣ ከጃንጥላው በታች ቆመን ስለ ሆድ አወራን፤ ለሐኪም ያልተናገርኩትን ለእርሳቸው ተናገርኩ። ሲለዩኝ ከዘንቢላቸው አንድ ከረጢት የደረቀ ፕሪም አውጥተው ሰጡኝ። ሰው የማይለማመጥ እጄ ተቀበለ። በማግስቱ ጠዋት፣ ዝርዝሩ ይቅርና፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ወደ ለንደን ስመለስ ተኝቼ ስለነበር ስለ መንገዱ የምለው የለኝም።

ኤገም የሚባለው ከተማ ከለንደኑ ዋተርሉ ጣቢያ በባቡር አርባ ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ዳገት። ዳገቱ ሲያልቅ የፈረንሳይ ነገሥታትን የሻምቦርን ቤተ መንግሥት አስመስሎ የተሠራ ቀይ ጡብ ተደቅኖ ይጠብቃል። ማማውና ጭስ ማውጫው እንደ ጫካ ነው። በ1886 ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው መጥተው መርቀውታል፤ የሴቶች ኮሌጅ ሆኖ ነው የተከፈተው። ያሠራው ቶማስ ሆሎዌይ ነው፤ ክኒንና ቅባት ሻጭ። ገና ሲጀምር በማስታወቂያ ዕዳ እስር ቤት ገብቷል። ከእስር ሲወጣ የተማረው ማስታወቂያ መቀነስን አልነበረም፤ በ1842 ለማስታወቂያ አምስት ሺህ ፓውንድ ያወጣ የነበረው ሰው በ1883 ሲሞት ወጪው በዓመት ሃምሳ ሺህ ደርሶ ነበር። በአንደኛው ግቢ የንግሥቲቱ ሐውልት ቆሟል፤ በሌላኛው የእርሱና የሚስቱ የጄን። ክኒን ሻጭና ንግሥት በአንድ ጣሪያ ሥር።

ዕድል ቀንቶኝ የሥዕል አዳራሹ ክፍት ነበር። ኤድዊን ሎንግ የሣለው የባቢሎን የጋብቻ ገበያ እዚያ ተሰቅሏል፤ ሙሽሮች ተራቸውን ጠብቀው በጨረታ ሲሸጡ የሚያሳይ። ሆሎዌይ በ1882 ስድስት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ አምስት ፓውንድ ከፍሎ ገዝቶታል። ሴቶች እንዲማሩበት በተሠራ ቤት ውስጥ ሴት የሚሸጥበት ሥዕል። ነገሩ ገረመኝ፤ ግን ሥዕሉን ለማየት ሃያ ደቂቃ እንደቆምኩ አልክድም። መምጣቴ ልናደድ ነበር፤ ሊናደድ የመጣ ሰው ያገኘው ነገር እንዲህ ሲያምር ይቸገራል።

ከዚያ ዊንዘር ቅርብ ስለሆነ በአውቶቡስ ሄድኩ። የቤተ መንግሥቱ መግቢያ ያኔ ሠላሳ ፓውንድ አካባቢ ነበር፤ ለአንድ ነሐስ ሰሌዳ ብዬ ከፈልኩ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ የልዑል ዓለማየሁ መታሰቢያ አለ። በ1868 ከመቅደላ በሰባት ዓመቱ አምጥተውት በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ ሞተ። ሰሌዳው ላይ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚል ጥቅስ ተጽፏል።

ሰሌዳው ፊት ቆሜ በአእምሮዬ የመጣው ኮሶ ነበር። የልጁን አባት አፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፤ እናታቸው በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጠዋል ተብሎ። ያ ኮሶ በ1850 ገደማ ለንደን ገብቶ በውድ ዋጋ ተቸብችቧል፤ ቆይቶም በብሪታንያ ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል። ቢመርም ይሠራል። አያቴ በሌሊት ቀስቅሳ ያጠጣችኝን ሆዴ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል፤ ትሉ ወጥቷል። እዚህ ክኒንና ቅባት የሸጠ ሰው ሐውልት ቆመለት፤ እዚያ ትል የሚያወጣውን የሸጠች ሴት ስሟ ስድብ ሆነ።

ብዙ ሳልቆይ አልቀረሁም። ሰማያዊ ካባ የለበሱ አንድ ሽማግሌ አስተናጋጅ ቀስ ብለው ቀረቡኝና ዘመዱ ነህ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ከአገሬ ብዙ ሰው እየመጣ እዚህ ያለቅሳል አሉ።

«አይደለሁም፤ እኔ መድኃኒት ሻጭ ነኝ» አልኳቸው።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም። አንገታቸውን በአክብሮት ነቀነቁና ሊዘጋ አሥር ደቂቃ እንደቀረው ነገሩኝ።