እልልታ ፍሬን የለውም

"እህቴ፣ እልልታሽ ደስ ይላል። ለልጄ ሰርግ እጠራሻለሁ።"

ይቺን ንግግር ካለፈው እሑድ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት የምናውቀው እኔና ትራሴ ብቻ ነን። ሽንኩርት ስከትፍ ትመጣለች። ታክሲ ሰልፍ ላይ ትመጣለች። ትናንት ቢሮ ሒሳብ ስዘጋ ድንገት መጥታ ከአንድ ደረሰኝ ላይ ዜሮ አስበልታኛለች። ሴትዮዋ አልጮኸችብኝም፣ አልሰደበችኝም፣ እንዲያውም ፈገግ ብላ ነበር። ብትሰድበኝ ኖሮ እስካሁን ተጣልተን፣ ታርቀን፣ ረስቼው ነበር።

የባሰው የኔ መልስ ነው። አፌ ቀደመኝና ምን አልኩ? "አሜን! ያድርሰን!"

ነገሩ የመጣው ከልጄ ነው። 16 ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት እራት ላይ፣ ሽሮው ገና ሳይቀዘቅዝ፣ "የብስክሌት ተወዳዳሪ እሆናለሁ" አለች። አባቷ "ጎበዝ" ብሎ ጎረሰ። እሱ ሁሉንም ነገር "ጎበዝ" ነው የሚለው፤ ባንክ እዘርፋለሁ ብትለውም መጀመሪያ "ጎበዝ" ብሎ ነው ቀጥሎ የሚደነግጠው። እኔ ግን በዚህ ከተማ መንገድ በእግር መሻገር እንኳን ጸሎት የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ፣ በሁለት ቀጭን ጎማ ላይ ተደፍታ ስትበር ታየችኝና ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ያላደረግኩት የለም። የብስክሌቱን መቀመጫ ነቅዬ ጤፍ በርሜል ውስጥ ቀበርኩት። ቆማ እየነዳች ሄደች። ማታ ስትመለስ "እማ፣ ተባረኪ፣ እግሬን አጠነከርሽልኝ" ብላ ሳመችኝ። ቀጥዬ ለቁልቢው ገብርኤል ተሳልኩ፤ ብስክሌቱ ከተሰረቀ ጃንጥላ ላስገባ። በሳምንቱ የጎረቤታችን ልጅ ብስክሌት ተሰረቀ። የቤት ቁጥራችንን ሳልነግረው ቀርቼ መሰለኝ።

ደግሞ ልጅቷ ዝም ብላ አትወደውም፣ ታጠናዋለች። አንድ ቀን "እማ፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው መቼ ነው?" አለችኝ። አበበ ቢቂላን ላነሳ ስል ቀደመችኝ። ከአበበ ሮም በፊት ሜልቦርን አለ፣ በ1949 ዓ.ም.፤ እዚያ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩን፣ ገረመው ደንቦባ የሚባል ጀግና። በ2008 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ትልቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። "ስለዚህ እኔ አዲስ ነገር አላመጣሁም፣ የቆየ ነው" አለችኝ። የቆየ መሆኑ እንዴት ከመኪና እንደሚያድናት አልነገረችኝም።

ይባስ ብላ ልታደፋፍረኝ ብላ ያሳየችኝ ቪዲዮ ነው እንቅልፌን የወሰደው። የጎረቤታችን ኤርትራ ልጅ ብንያም ግርማይ፣ ግንቦት 2014፣ ጣሊያን አገር፣ ጂሮ በሚባለው የብስክሌት ውድድር ላይ። ያንን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት አልፎ፣ በመጨረሻዋ ፍጥነት ያንን ስመ ጥር ቫን ደር ፑልን ቀድሞ ገባ። ትልልቆቹ የሦስት ሳምንት ውድድሮች ላይ አንድ ቀን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ። አለቀስኩ። ከዚያ መድረክ ላይ ወጣ፣ ጠርሙስ ሰጡት፣ ሊከፍት ጎንበስ ሲል ቡሹ ተፈናጥሮ ዓይኑን አገኘው። ሆስፒታል ሄደ። በማግስቱ ውድድሩን ትቶ ወጣ።

ቡሽ! ልጄ የድሉን ቪዲዮ ነው ያሳየችኝ፤ እኔ ያየሁት ቡሹን ነው። መውደቁን ፈርቼ፣ መኪናውን ፈርቼ፣ ውሻውን ፈርቼ ስጨርስ፣ ማሸነፍም ያቆስላል ለካ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ረዘመ፤ እንዳትወድቅ፣ እንዳትገጭ፣ ካሸነፈችም ጠርሙሱን ሌላ ሰው ይክፈተው። ልጁ ድኖ በ2016 ክረምት ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ ለሚቀድም የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ለበሰ፤ እኔ ግን አሁንም ሰርግ ቤት ሻምፓኝ ሲከፈት ጠረጴዛ ሥር ነኝ።

በመጨረሻ ተስማማን። እንጦጦ ዳገቱን ትወጣለች፣ ቁልቁለቱን ግን ብስክሌቱን እየገፋች በእግሯ ትወርዳለች። "እሺ እማ" አለች። እኔም አመንኳት፣ ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ አወራሁ። አንድ ቀን ጎማ ልታስነፋ ሄደን ጎሚስታው ብስክሌቱን ገልብጦ አየና "እናት፣ ይቺ ልጅ ወጪ አታበዛብሽም፤ ይሄ ፍሬን ተነክቶም አያውቅ!" አለኝ። ሊያስደስተኝ ነው እኮ። ልጄ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። መንገዱ ሲሠራ የብስክሌት መስመር አብሮ ተሠርቷል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ ያምራል። ማን ይሄድበታል? ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። አንዱ መኪናውን አቁሞበት "ሁለት ደቂቃ ነው እናቴ" ይላል፤ ሁለት ደቂቃው ምሳ በልቶ ቡና እስኪጠጣ ነው። ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ፍቅራቸውን ሰፋ አድርገው ይንሸራሸሩበታል። ልጄ ደወል ስትደውል ደግሞ የሚቆጣው እግረኛው ነው፤ "ምነው፣ መንገድ ጠበበሽ?" ብስክሌት የማይገኝበት ቦታ ቢኖር የብስክሌት መስመር ነው። ይሄን ስል ግን ልብ አላልኩም ነበር፤ መቼ ነው እኔ ለብስክሌት ጠበቃ የሆንኩት?

እውነቱን ለመናገር መቼ እንደተለወጥኩ አላውቅም። መጀመሪያ "ረሃብ እንዳይጥላት" ብዬ በሶ መበጥበጥ ጀመርኩ። ከዚያ "ቶሎ ከተመለሰች ቶሎ እተኛለሁ" ብዬ ሰዓቷን መያዝ ጀመርኩ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና የእድር መዋጮ በምመዘግብበት ኤክሴል ላይ አንድ ገጽ ከፈትኩ። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም፣ ቀን፣ ደቂቃ፣ ልዩነት። ልዩነቱ ሲቀንስ አረንጓዴ፣ ሲጨምር ቀይ። አንድ ቀን ቀይ ሲሆን ተኮሳትሬ "ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት። "ዝናብ ነበር እኮ እማ" አለችኝ። ዝናብ እንደነበር አውቃለሁ። ልብስ አስጥቼ ነበር።

እሑድ ውድድሩ ነበር። አሥራ አንድ ልጆች፣ ስድስት ዙር። በሶውን በማር አድርጌ በውኃ መያዣዋ ሞላሁላት፤ ወፍራም ስለሆነ አልወጣ ብሏት ገና በሁለተኛው ዙር ወርውራልኝ አለፈች። ኩርባው ጋ፣ ገመዱ ጥግ፣ አንዲት ሴት አጠገብ ቆምኩ። ልጇ ቢጫ ማልያ ነው የለበሰችው። ወዲያው ተግባባን። እሷ ፔዳሉን ነው የደበቀችው፣ ሽሮ ውስጥ። ቆሎ አወጣች፣ ተካፈልን። ልጆቹ ባለፉ ቁጥር እጅ ለእጅ እንያያዛለን። "ፈጣሪ ሁሉንም በሰላም ይመልስልን፤ ማሸነፉ ይቅር" አለች። "አሜን፣ ምን ያደርጋል ማሸነፍ!" አልኩ። የቆሎዋ ጨው ገና አፌ ላይ ነው።

አምስተኛው ዙር ላይ ቢጫዋ አራተኛ፣ የኔዋ አምስተኛ ሆነው መጡ። ኩርባው ላይ ገልባጭ መኪና ያንጠባጠበው አሸዋ አለ። ቢጫዋ ዘንበል ስትል ጎማዋ ሸሸ። የኔዋ በውጭ በኩል አለፈቻት።

"እልልልልልልልልልል!"

ይሄ እልልታ ከየት እንደመጣ አላውቅም። በሰርጌ ቀን እንኳን እንዲህ አልተባለም። ከሆድ ሳይሆን ከቅድመ አያቶቼ የመጣ ነው፤ አድዋ ላይ ተጀምሮ እኔ ጋ ያለቀ ይመስላል። እልልታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ሲሰማ "ለምንድን ነው?" ብሎ አይጠይቅም፣ ይቀበላል። ነጠላ ለብሰው ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶች ተቀበሉኝ። ፎቁ ላይ ኮንክሪት የሚያቀብሉ ሴቶች ባልዲያቸውን አስቀምጠው ተቀበሉ። አንድ ሚኒባስ ሰርግ መስሎት ጡሩምባውን ለቀቀ፤ ረዳቱ ወገቡ ድረስ በመስኮት ወጥቶ ያጨበጭባል። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው "ሙሽራዋ የታለች?" አሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ እልል እያለ፣ ጭብጨባው ቀልጦ፣ ቢጫዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ክርኗን ይዛ ዙሪያዋን ታያለች። ወድቃ ይሄን ያህል የተጨበጨበላት ሰው ያለ አይመስለኝም።

እናቷ እጄን ለቃ ገመዱን ስትዘል አየኋት። ማቆም ፈለግኩ። እልልታ ግን ፍሬን የለውም፤ አንዴ ምላስ ከተነሳ ትንፋሽ እስኪያልቅ ይሄዳል። ሴትዮዋ ልጇን አቅፋ ስታነሳ እኔ ገና መጨረሻው ላይ ነበርኩ።

ደንግጬ ሮጥኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተላጠው ጉልበቷ ብቻ ነው። ቢያንስ ላጥብላት ብዬ በእጄ የነበረውን የውኃ መያዣ ጉልበቷ ላይ ጨመቅኩት። ጠዋቱን ሙሉ ለልጄ አልወጣም ያለው በሶ፣ አንድም ሳይቀር፣ በአንድ ጊዜ ወጣ። ልጅቷ ጉልበቷን አየች። እናቷ ጉልበቱን አየች። የቀይ መስቀል ማልያ የለበሰው ልጅ "ይሄ ምንድን ነው?" አለ። "በሶ" አልኩ። ለመሆኑ ሌላ ምን ይባላል?

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና ያቺን ነገር ተናገረች። እኔም "አሜን፣ ያድርሰን" አልኩ። የተረፈውን ቆሎ ሰጥታኝ ሄደች። ቆሎውን ምን አድርጊው ብላ እንደሰጠችኝ እስከ አሁን አልገባኝም፤ ፍሪጅ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም እንዳይነካው ብያለሁ።

ልጄ አራተኛ ወጣች። ሜዳሊያ ለሦስት ነው። ያ ሁሉ እልልታ ለአራተኛ።

የሆነ ሰው ቀርጾታል መሰለኝ፣ ሰኞ ዕለት ወላጆች የምንነጋገርበት ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። ጎሚስታው በሩ ላይ ሳልፍ ቀስ ብሎ "እልል" ይላል፣ ጎማ ውስጥ ተደፍቶ። አባቷ "ጎበዝ" አለኝ። ለሁሉም የምነግራቸው አንድ ነው፤ ልጅቷ ስትወድቅ አላየሁም፣ እኔ ያየሁት የኔ ልጅ ስታልፍ ብቻ ነው፣ በምን አውቄ፣ ፀሐዩም ዓይኔ ላይ ነበር።

ፀሐይ አልነበረም። አይቻለሁ። ጎማዋ ሲሸሽ አይቻለሁ፣ እጄም በእናቷ እጅ ውስጥ ነበር።

ትናንት ማታ ኤክሴሉን ከፍቼ ዙሮቹን ሳስተያይ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ልጄ በየዙሩ እዚያ ኩርባ ላይ ሰዓት ታጠፋለች፤ ሌላው ቦታ ሁሉ አረንጓዴ፣ እዚያ ብቻ ቀይ። ጠራኋት።

"እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?"

"ፍሬን ይዤ ነዋ።"

"ፍሬን?" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ መቀመጫ የቀበርኩት፣ ለገብርኤል የተሳልኩት ሴትዮ። "ፍሬን ለምን ትይዣለሽ?" አባቷ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

"አንቺ እዚያ ቆመሽ ነበራ" አለች።

ውድድሩ እንደገና የፊታችን እሑድ ነው። እኔ ዳገቱ ጋ እቆማለሁ።