ከካራ ቆሬ እስከ ደሴ

ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ተነስተን ጣርማ በርን እንዳለፍን ጆሮዬ ተደፈነ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ቁልቁል ነው። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አልጋዬን ሲወዘውዘው ካደርኩ ወዲህ፣ ገደል ባየሁ ቁጥር ከሥሩ ምን እንዳለ አስባለሁ።

ካራ ቆሬ ስንደርስ ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ በመስኮቱ ጠቆሙኝ። «በ53 ግንቦት መሬት ሲናወጥ ልጅ ነበርኩ። የማጀቴ ከተማ ስትፈርስ እኛ ሜዳ ላይ አደርን። ያን ሌሊት ብቻ እንዳይመስልሽ፣ እየቆየ ይመለስ ነበር» አሉ። መሬቱ ተሰንጥቆ ማየታቸውንም ነገሩኝ።

ምክንያቱ ከመንገዱ በታች ነው። በምዕራብ የደጋው የምድር ቅርፊት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ በምሥራቅ፣ አፋር ላይ ወደ 25፣ በሰሜን አፋር ዳናክል ላይ ከ20 በታች ይሳሳል። የአፋር ሊቶስፌር፣ ማለትም ቅርፊቱና ከሥሩ ያለው ጠንካራ ዐለት፣ ስስና ትኩስ ስለሆነ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወረድ ሲሉ ዐለቱ እንደ ሊጥ ይሳባል እንጂ አይሰበርም። መንቀጥቀጡም ለዚህ ነው ላይ ላዩን የሚሆነው። ወፍራሙ ከስሱ በሚገናኝበት ጠርዝ ደግሞ ምድር በስንጥቅ እየተቆረጠች ትሰምጣለች። ከሚሴንና ኮምቦልቻን የያዘው የቦርከና ሸለቆ እንዲህ የሰመጠ ነው።

ኮምቦልቻ ያደርኩበት ክፍል 600 ብር ነው፤ ውሃ የለውም፣ መስኮቱም አይዘጋም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አልጋው ተንቀጠቀጠ። ባዶ እግሬን ወደ ግቢው ሮጥኩ። ዘበኛው ብድግ ብለው «አብሽሪ ልጄ፣ የጂቡቲ ከባድ መኪና ነው» አሉኝ። ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው እስክረጋጋ አብረውኝ ተቀመጡ። አዲስ አበባ በዚያ በመንቀጥቀጡ ሰሞን ከጎረቤቶቼ ጋር ደረጃው ላይ ስንጋፋ፣ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም ነበር።

ጠዋት የሚኒባሱ ረዳት ለሻንጣዬ የአንድ ሰው ሂሳብ ጨመረብኝ፤ እስካሁን ያበሳጨኛል።

ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ግን ፊቴን ከመስኮቱ ማንሳት አልቻልኩም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ልዩነት በአንድ ቀን አልመጣም፤ ምድር በተናወጠች ቁጥር አንዱ ወገን ትንሽ ትንሽ እየወረደ የመጣ ነው። ደሴም በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል በሰመጠ ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች።

ፒያሳ አካባቢ በግንባታ ላይ ያለ ፎቅ አገኘሁ። ሻንጣዬን አስቀምጬ ከምሰሶው የወጡትን ብረቶች አንድ በአንድ ቆጠርኩ።